ወይዘሮ አረጋሽ የፈተኑ ዕለት

በውጭ አገር፣ በሽታው የጠናበት ሰው ከፈለገ እንዲሞት ሐኪም ይረዳዋል የሚል ወሬ በቴሌቪዥን ከሰሙ ወዲህ፣ ጎፋ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት ወይዘሮ አረጋሽ ሐሳብ ገባቸው። «እኔ ራሴን ስቼ ብተኛ ልጆቼ ምን ይሉ ይሆን?» ልጆቹን በቀጥታ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲፈትኑ ኖረዋልና መፈተን መረጡ። እሑድ ልጆቻቸው ለምሳ ሲመጡ፣ ሶፋው ላይ ተዘርረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀድማ የገባችው ልጃቸው ናዝሬት እሪ አለች። ወንድሟ ቸኮልና ሚስቱ ዶርቃ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ።

«አምቡላንስ ጥራ!» አለችው ናዝሬት።

«እየደወልኩ ነው፤ አያነሱም» አለ ቸኮል። ፊልም እንኳ እስከ መጨረሻው አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ግን ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ካሉ፣ ማሽን ላይ ሰክተን አናሰቃያትም። በሰላም ትረፍ።»

«ነፍስ የሰጠ እሱ ይውሰድ! መቶ ዓመት ብትተኛም አስታምማታለሁ!» አለች ናዝሬት፤ የተሰበረ ጃንጥላ እንኳ መጣል የማይሆንላት።

ጴንጤዋ ዶርቃ በሁለቱም ተናደደች። «ማነው ትሞታለች ያለው? ትነሣለች!»

ወይዘሮ አረጋሽ በልባቸው ለቸኮል ዜሮ ሰጡት። ወዲያው ግን እግራቸውን የሚያሽ እጅ፣ ቀጥሎም ትኩስ እንባ ተሰማቸው። «ብርድ አትወድም እኮ» እያለ ካልሲ የሚያለብሳቸው ቸኮል ነበር። ዜሮውን ሰረዙለት።

በዚህ መሀል ናዝሬት ከፍሪጅ ያወጣችውን ጠበል በጆግ ፊታቸው ላይ ቸለሰችው። ዶርቃም በዚያው ቅጽበት ጆሯቸው ሥር፣ «እማማ፣ በኢየሱስ ስም ይነሡ!» ብላ ጮኸች።

እማማ ዘለው ተነሡ።

«ጠበሉ ነው!»

«ጸሎቱ ነው!»

«ድሮስ ደክሟት ነው እንጂ» አለ ቸኮል፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

«አስመስዬ ነው!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፣ ውሃው ከፀጉራቸው እየተንጠባጠበ። የሰማቸው የለም።

ምሳ ላይ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ወደፊት እንዲህ ብሆን፣ ሦስታችሁም ሳትስማሙ ማንም እንዳይነካኝ!» ሦስቱ በአንድ ነገር ተስማምተው ስለማያውቁ የወይዘሮ አረጋሽ ሐሳብ ቀለለ።

በሳምንቱ ናዝሬት ስለት ለማስገባት፣ ዶርቃ ደግሞ መካኒሳ ቸርቿ ምስክርነት ለማሰጠት ሊወስዷቸው መጡ። እሳቸው ሁለቱንም ሲጨቃጨቁ ትተው፣ ከቸኮል ጋር ማኪያቶ ሊጠጡ ወረዱ።

«እንሂድ?» አለ ቸኮል፣ ገና ሳያጋምሱት።

«ቁጭ በል» አሉት።

ቁጭ አለ።