ሃያ ሰባቱ ዝምተኞች

«መጣሽልን? ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» አሏት የቤት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ተስፋማርያም፣ ደብተሯን አይተው። ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ከቀበሌ የተላከች መስሏቸው ነበር። ሄርሞን የመጣችው ግን የታመሙ አባቷን ወክላ ድምፅ ልትሰጥ ነው። ይህንኑ ልትናገር ስትል እስክሪብቶ አስጨበጧት፤ ዓይን አፋርነቷ አሸነፋትና ተቀመጠች።

ስብሰባው ከሲኤምሲ ወደ ጎሮ በሚወስደው ፒስታ መንገድ ዳር፣ በር ባልተገጠመለት ጅምር ቤት ውስጥ ነበር። አጀንዳው የወይዘሮ ፈለቀች ቦታ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግንባታው ከመሠረት አላለፈም፤ ሊቀመንበሩ ቦታው ተነጥቆ ለወንድማቸው ልጅ እንዲሰጥ ፈልገዋል።

«ዘመኑ የዴሞክራሲ ነው፤ ማንም አይገደድም። የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

ሄርሞን ስድስት ኪሎ አራት ዓመት የተማረችው ይህንኑ ነበር። ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ የብዙኃኑ ፈቃድ ይገዛል፣ የጥቂቶቹም መብት ይከበራል። በመመረቂያ ጽሑፏ «ሕዝብ» የሚለውን ቃል በየገጹ ጽፋዋለች። ሕዝቡ ይኸውና፤ እጁን ከማውጣቱ በፊት የሊቀመንበሩን ፊት የሚያጠና፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን የወይዘሮ ፈለቀችን ዓይን ሸሽቶ ጫማውን የሚመረምር። ናቀቻቸው። ለእነዚህ ብለው ያን ሁሉ መጽሐፍ የጻፉትን ሊቃውንትም ናቀች።

ከባለጉዳይዋ ከወይዘሮ ፈለቀችና ከሄርሞን ሌላ አርባ አንድ ሰው ነበር። አሥራ አራት እጅ ወጣ።

«የሚቃወም?»

ወይዘሮ ፈለቀች ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ድምፅ የለውም፣ እመቤቴ።»

ሄርሞን እጇን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ጸሐፊም ድምፅ የላትም፣ ልጄ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብለሽ ጻፊ።»

«የደገፉት አሥራ አራት ናቸው» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ሃያ ሰባቱ ዝም ነው ያሉት።»

«ዝም ካሉማ ደግፈዋል።»

«እህቴ፣ ጻፊ ተባልሽ እንጂ አስተምሪን አልተባልሽም» አለ እንጨት ነጋዴው አብዱልናስር። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ ፈለቀችም፣ እንዳይቀየሟቸው ፈርተው ነው መሰል፣ ፈገግ አሉ። ሄርሞንን ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያቺ ፈገግታ አንገበገበቻት።

አቀርቅራ ጻፈች፦ «ከአርባ አንድ ድምፅ ሰጪ አሥራ አራት ደግፈዋል። አብላጫ ስላልተገኘ ሐሳቡ ወድቋል፤ ቦታው የወይዘሮ ፈለቀች እንደሆነ ይቀጥላል።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም መፈረሚያውን ፈልጎ ፈረመ፤ አንድም ያነበበ አልነበረም። አቶ ተስፋማርያም ፊርማቸውን ከሁሉም አስበልጠው አኖሩ።

ሰኞ ጠዋት ማኅተም አሳርፈውበት ለዞኑ ጽሕፈት ቤት በገዛ እጃቸው አስረከቡት።