ከድስቱ የወጣ እጅ

የወደብ ጥበቃው ሃምሳ አለቃ ብዙነህ ጆንያውን መመርመሪያው አልጋ ላይ ሲያራግፈው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ኳ ብሎ ወደቀ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር። ዶክተሩ አስመራ ባይሄዱ ኖሮ እርስዎን አላስቸግርም ነበር" አለና የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቶቹ ገለጠው።

እጅ ነበር። ሥጋው ተገፎ አጥንቱ በደረቀ ጅማት ብቻ የተያያዘ፣ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ እጅ። ጣቶቹ ምጽዋት እንደሚለምን ሰው ወደ ላይ ተዘርግተዋል።

"የሰው ነው?" አላት።

"የሰው ነው" አለች ሐረገወይን። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

"እኔም ብያለሁ! ከአንድ የራሔይታ መንደር ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ፣ ከደረቅ ዓሣ ሥር ነው ያገኘነው። የማን ነው ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሙሽራ! ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከሰዓት በኋላ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ።" ብዙነህ ኮፍያውን አነሳና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "እጁ እዚሁ ይቆይልኝ። ዘበኞቼ ከሱ ጋር አንድ ክፍል አንውልም ብለዋል።"

ሐረገወይን ከፌዴሬሽኑ ወዲህ ከአዲስ አበባ ተመድባ አሰብ የመጣች ነርስና አዋላጅ ናት። እጁን በፎጣ ሸፈነችና ሥራዋን ቀጠለች። ዓይኑ ያበጠ ሕፃን አየች፤ እግሩን የዛገ ሚስማር የወጋውን የወደብ ሠራተኛ ቁስል አጠበች። ነገር ግን ባጎነበሰችና ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ ወደ ፎጣው ይሄዳል። ክሊኒኩን የምታጸዳው ታደለች እንደሆነ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀርታለች።

"እኔ እሱ ካልወጣ አልገባም" አለች ታደለች። "አሁን እኮ ፎጣው ነቅነቅ አለ።"

"ነፋሱ ነው።"

"ነፋሱ የእርስዎን ፎጣ ብቻ ነው የሚያየው?"

ሐረገወይን ሳቀች፤ የራሷንም ክንድ ግን ወርሮታል። ነገሩ ገረማት። ሬሳ አይታለች፣ ገንዛለች፤ ሞተው የተወለዱ ልጆችን አቅፋ ለእናቶቻቸው አሳይታለች። አዝናለች እንጂ አንዱም እንዲህ ሰውነቷን አልወረራትም። ታዲያ ይሄ ምን አለበት? የመጨረሻውን በሽተኛ ሸኝታ በሩን ዘጋችና ፎጣውን ገለጠች። ከዚያ ግራ እጇን ከአጥንቱ ጎን አስተኛች።

አምስት ጣት፣ ልክ ነው። መሐል ጣቱ ይረዝማል፣ እሱም ልክ ነው። አውራ ጣቱ ግን ከሌሎቹ ጎን ተለጥፎ የቀረ አጭር ቁራጭ ነበር። የጣቶቹ አጥንት ከላይና ከታች እንደተጨፈለቀ ነገር ጠፍጣፋ ነው። ጥፍር የሚቀመጥበት ጫፍ ፈለገች፤ የለም። መገጣጠሚያውን ቀስ ብላ ለማጠፍ ሞከረች፤ ወደ ጎን እንጂ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ አይመስልም። አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ እንኳ፣ ጣት ሲሰጡት ጨብጦ ይይዛል። የዚህ እጅ ባለቤት ግን በዕድሜው ምንም ነገር ጨብጦ አያውቅም።

ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ሰው ለመሆን ጥቂት የጎደለው ነገር።

አጥንቱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በቀትሩ ፀሐይ ወደ ወደቡ ወረደች።

የጥበቃ ክፍሉ ከጨው ክምሩ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ዓሣ አጥማጁ ፈረጅ ሽርጡን ጉልበቱ መሐል ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሠላሳዎቹን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው። ዘበኞቹ በሩ ላይ ቆመው እንደ አውሬ ያዩታል።

"ሲስተር! በዚህ ሙቀት ምን አደከመዎት?" አለ ብዙነህ ብድግ ብሎ።

"ላናግረው" አለችና ፈረጅ ፊት ቁጢጥ ብላ ጥቅሉን ፈታች። "ይሄ የማን እጅ ነው?"

"ዐሩስ" አለ ፈረጅ። "ዐሩስ በሕር።"

"ሰሙት? ዐሩስ በዐረብኛ ሙሽራ ማለት ነው። ሙሽሪትን ባሕር ላይ ገደልኳት ነው የሚለው!" አለ ብዙነህ።

ሐረገወይን ዓይኗን ከፈረጅ ላይ አላነሳችም። "ሙሽራዋ ምን ለብሳ ነበር?"

ፈረጅ ግራ ተጋባ። ወደቡ ላይ ሸክም ሲሸከም በለቃቀማት አማርኛ፣ "ልብስ?" አለ። "ልብስ የለም። ጭራ አለ።"

"ምን አለ?"

"ጭራ።" ሁለት መዳፉን ገጥሞ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ አወዛወዘ። ከዚያ ከተቀመጠበት እስከ በሩ ድረስ በእጁ ለካ። "ትልቅ። ባሕር ውስጥ ሣር ትበላለች፣ እንደ ላም። ልጅ ታጠባለች፣ እንደ ሴት። ስሟ ነው፣ የባሕር ሙሽራ። አባቴ በልቷል፣ እኔ በልቻለሁ።"

"ያሾፍብናል" አለ ብዙነህ፤ ድምፁ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም። "ደግሞስ የሰው ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ነርሷ አረጋግጣለች ብዬ ለአለቃዬ ስልክ ደውያለሁ።"

ዘበኞቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እዚህ የተነገረ ነገር ከመምሸቱ በፊት ገበያውን እንደሚያዳርስ ሐረገወይን ታውቃለች። ሴቶቹ ምጣቸውን ለእሷ አምነው መስጠት የጀመሩት ገና በቅርቡ ነው። የሰው እጅ የማትለይ አዋላጅ ይሏታል። ተነሥታ ቆመች።

"ተሳስቼ ነው" አለች፣ በሩ ላይ ያሉትም እንዲሰሙ። "በደንብ ሳላየው ነው የመለስኩልዎ። ይምጡ፣ እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉ።"

ብዙነህ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ትልቅ እጁን፣ እሳት እንደሚነካ ሰው እየሰጋ፣ ከአጥንቱ ጎን አኖረ። አየ። ጣቶቹን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና አየ።

"አውራ ጣቱን የት ጥሎት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ኖሮት አያውቅም።"

"ታዲያ ንጹሕ ከሆነ ለምን ደበቀው?"

"ፈርቼ" አለ ፈረጅ። ቃል ሲጠፋው በእጁ እያሳየ ነገሩን ተናገረ። ለዓሣው ወቅት ከሚስቱ ጋር አሰብ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለች ደሴት ላይ ሰፍረዋል። የዚህችን እንስሳ መዋኛ ክንፍ ከድሮ ጀምሮ ቆርጠው ለወፍ ይጥሉታል። ዘንድሮ ግን ሚስቱ ዙለይኻ ነፍሰ ጡር ናትና ክንፉ አማራት፤ እሱም ክንፉን እንዳለ ድስት ውስጥ ጨመረው። ጥቂት ቀማምሳ ስታማስል ሥጋው ተገፈፈና እጅ ከመረቁ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ውኃም እንኳ እሱ ከቀዳው አትጠጣም። "ሰው አበላኸኝ አለችኝ። ሐኪም ላሳይ መጣሁ፣ እነዚህ ያዙኝ።" ቀና ብሎ ሐረገወይንን አያት። "ንገሪኝ አንቺ። ሰው ገደልኩ?"

"አልገደልክም" አለችው። "ስንት ወሯ ነው?"

"ሰባት።"

ሐረገወይን ቦርሳዋን አነሳችና፣ "ተነሥ፣ ወደሷ ውሰደኝ" አለችው። ብዙነህም ቀበቶውን አጠበቀና፣ "እኔ ጭራውን በዓይኔ ካላየሁ አለቃዬን ምን እለዋለሁ?" ብሎ ጀልባው ላይ ከኋላቸው ወጣ።

ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ፈረጅ መጀመሪያ የወሰዳቸው ወደ አጥንቱ ነው። ዳርቻው ላይ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ተጋድሟል፤ ወፍራም የጎድን አጥንት፣ ወደ ታች የተቆለመመ አፍ፣ ረጅም የጀርባ አጥንት። ጀርባው ወርዶ ወርዶ ጭራ ላይ ያበቃል። እግር የለም። ብዙነህ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አማተበ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ክንፍ በዱላው ጫፍ ነካ አደረገ።

"ጓንት ያጠለቀ እጅ ይመስላል" አለ ለራሱ። "ማን ሠራህ አንተ?"

ዙለይኻ ሰሌን ጎጆው ውስጥ ተጋድማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ባሏ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐረገወይን ሆዷን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን አስጠግታ የልጁን የልብ ምት ሰማች። ይመታል። የእናቲቱ ቆዳ ግን ሲቆነጥጡት እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ዙለይኻን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻትና የአጥንቱን ጥቅል ጭኗ ላይ ፈታችላት። ዙለይኻ ጮኸች። ሐረገወይን ሳትቸኩል የዙለይኻን አውራ ጣት በገዛ ጣቷ ያዘች፣ ከዚያም በአጥንቱ ላይ የሌለበትን ቦታ አሳየቻት። ፈረጅ በአፋርኛ ያስተረጉማል። ዙለይኻ ቀስ በቀስ ዝቅ ብላ ማየት ጀመረች፤ በመጨረሻ ጠፍጣፋዎቹን ጣቶች በአንድ ጣቷ ነካች።

አንድ ነገር ጠየቀች። ፈረጅ ተረጎመ፦ "ሰው ካልሆነች፣ እጅ ምን ያደርግላታል ትላለች።"

"አላውቅም" አለች ሐረገወይን። "እኔም ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው። ሰው አለመሆኗን ግን አውቃለሁ። ንገራት።"

ዙለይኻ ደጅ ገመድ ላይ ወደተሰጣው የእንስሳዋ ቋንጣ ጠቆመችና አጭር ነገር ተናገረች። ፈረጅ አንገቱን ደፋ።

"ምን አለች?"

"ይቅር። ነውር ነው።"

"ንገረኝ።"

"አንቺ ትበያለሽ ወይ ነው የምትለው።"

በሩ ላይ የቆመው ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲስተር፣ ኧረ ክርስቲያን ነዎት! የእስላም ሥጋ፣ ያውም የዚያች…"

ሐረገወይን ከተወለደች ጀምሮ እስላም የባረከው ሥጋ በአፏ ገብቶ አያውቅም፤ እናቷ ብትሰማ የምትለውን ታውቀዋለች። ወጣች፣ ከገመዱ ላይ አንድ ዘለላ ቆርጣ ተመለሰች፣ ዙለይኻ ፊት በደንብ የምትታይበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። አፏ ውስጥ ጨመረችው። ደረቅ ነበር፣ ቶሎ አልላም አለ፤ ዙለይኻ ከመንጋጋዋ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀቻት። ዋጠችው።

"ጨው በዝቶበታል" አለችው ለፈረጅ። "በል ውኃ ቅዳልን። ለሁለታችንም።"