ሬዲዮኑ

"የሬዲዮኑ ቤት ይህ ነው?"

በሩ ላይ የቆሙት ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ልጅቱ ቤት የተሳሳቱ መሰላት። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

"አባትሽን ማለቴ ነው" አሉ ሰውዬው። "የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ሬዲዮኑ ነበር የምንለው። እኔ አጠገቡ የምተኛው ሹፌር ነኝ። እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።"

አክስቷ ወንበር ሰጥታ ሻይ ስትቀዳላቸው፣ ሹፌሩ ብርጭቆው ሳይጋመስ በቃኝ አሉ። ልጅቱ ለምን እንደሆነ ገባት። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው የጠጣው ሁሉ እስከሚቀጥለው እጥበት ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ከጠጣ ማሽኑ ብዙ ይመጥጣል፤ ያኔ የደም ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። አራት ዓመት ሙሉ አባቷን በሳምንት ሦስት ቀን ያመላለሰችው እሷ ናት።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ጥግ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እሱ መቀስ በእጁ፣ ጥያቄ በአፉ። የሚስትን ጤና፣ የልጅን ፈተና፣ ከጎረቤት ጋር የተያዘውን ክርክር ሳይጠይቅ ምላጭ አያነሳም። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚለፈልፍ ጠየቀችው።

"ዝም ያለ ደንበኛ ወይ እንቅልፍ ወስዶታል ወይ ከፍቶታል" አላት፣ የአንዱን ማጅራት በብሩሽ እያራገፈ። "ሁለቱም ምላጭ ሥር አደጋ ነው።"

ያኔ ስቃ ነበር። የዛሬ ወር ግን እጥበት ክፍሉ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ "አባዬ፣ እባክህ ሰው ይረፍ፤ ትንሽ ዝም በል" አለችው። ከሥራ ተሯሩጣ የመጣች ቀን ነበር፤ ደክሟታል። እሺ አላት። መድኃኒት ገዝታ ስትመለስም፣ በታክሲ ወደ ቤት ሲሄዱም ቃል አልተነፈሰም። ስለዚያ ቀን ዳግም ሳያነሱ፣ ባለፈው እሁድ ከሰዓት ሶፋው ላይ እንደተኛ ልቡ ቆመ።

"ማሽኑ ግፊት የሚለካው በየግማሽ ሰዓቱ ነው" አሉ ሹፌሩ። "እሱ ግን ዙሪያውን ይጠይቃል። 'አስተማሪዋ፣ ልጆቹ አለፉ? ሹፌር፣ ጎማው ተቀየረ?' መልሱ የዘገየ ሰው ካለ ሲስተርን ይጠራል። ስትለካው እውነትም ወርዶ ታገኘዋለች።"

ልጅቱ ጣቶቿን አየች። "እኔ እኮ ዝም በል አልኩት።"

"ሰምቻለሁ፤ አልጋዬ አጠገቡ አይደል? አንቺ እንደወጣሽ ያዛጋኝ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ፤ ጣሪያው ራቀብኝ። እሱ ቃልሽን አክብሮ አፉን ዘግቷል፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። 'ሲስተር፣ ሹፌሩ መንገድ እየሳተ ነው' አላት። እግሬን ከፍ አድርገው፣ ፈሳሽ መልሰው አተረፉኝ።"

"ታክሲ ውስጥም ቃል አልተነፈሰም። ተቀይሞኝ ነበር?"

"ምን ሲባል! 'ልጄ እውነቷን ነው፤ አፌ ፍሬን የለውም' ብሎ ሳቀ። ታክሲ ውስጥ ዝም ያለሽ ደክሞት ነው። ከእኔ ቀጥሎ የእሱም ግፊት ወርዶ ነበር፤ እንዳንነግርሽ አስማለን።"

አክስቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጅቱ ወንበሯን አስጠጋች።

"ሌላ ምን ምን ያወራ ነበር?"

ሹፌሩ ያወሩላት ጀመር። ቀልዱን በእሱ ድምፅ ሲያመጡት ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሳቅ አመለጠው፤ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ሊሄዱ ሲነሱ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። የመጡት ከእጥበት በቀጥታ ነው፤ የግራ እጅጌያቸው መርፌው በተነቀለበት ቦታ ከታሰረው ፋሻ በታች ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጃቸው ኮፍያውን ይዟል። ከእጥበት በኋላ ለአባቷ ታደርገው እንደነበረው፣ ሳታስፈቅድ ቀረበች። ፋሻው እንዳይጠብቅ እጅጌውን ቀስ አድርጋ ሳበችና ቁልፉን በቀዳዳው አሾለከችው። ሹፌሩ እስክትጨርስ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙላት።