ለሁሉም የተላከ ቃል

ባሏ ቃል ሸጦ የሚያድር ሰው ነበር። አንሶላና ብርድ ልብስ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ኩባንያ ማስታወቂያ ይጽፋል። በደንበኞች ስልክ ላይ ብቅ የሚሉት መልእክቶችም ሆኑ በገጹ ላይ ለአስተያየት የሚሰጡት መልሶች የሚወጡት ከእሱ እጅ ነው። እሷ ደግሞ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ መስታወት ትሞርዳለች፣ ፍሬም ታስተካክላለች። "እኔ ሰው ዓይን ውስጥ ለመግባት ስለፋ እውላለሁ፣ አንቺ በአፍንጫው በኩል ትገቢያለሽ" እያለ ይቀልድባት ነበር።

እናቷ የሞቱ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ስታድር ያየ ባሏ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላትና "ድንቢጤ፣ አንቺ ተኚ፤ ሌሊቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ" አላት። ቀጫጫ ስለሆነች ድንቢጥ የሚላት እሱ ብቻ ነበር። እውነትም ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነጋለት፤ እሷም እናቷን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን ተኛች። ከዚያ በኋላ ሆድ በባሳት ቁጥር ይህንኑ ይላታል፤ ሌላ ማጽናኛ አላስፈለጋትም።

ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት የማንበቢያ መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። አጠለቀችላቸው።

"እስቲ እናቴ፣ ስልክዎ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ። ፊደሉ ጠራልዎት?"

"ይጠራል እንጂ!" ሴትየዋ ፈገግ አሉ። "'ድንቢጤ፣ አንቺ ተኚ፤ ሌሊቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ።' ብርድ ልብስ ሻጩ ነው የላከልኝ። አያምርም? ለልጄም ደርሷታል፣ ለጎረቤቴም።"

በእጇ የያዘችው ትንሿ ብሎን መፍቻ ወለሉ ላይ ወደቀች።

"ምነው ልጄ?"

"ምንም አይደል። ጆሮዎ ላይ እንዳይጫንዎት ትንሽ ላላላው።"

ሴትየዋ እንደሄዱ ወደ ጓዳ ገባችና የኩባንያውን ገጽ ከፈተች። አስተያየቱ ተደራርቧል። ሴቶቹ እርስ በርስ "ድንቢጦች" መባባል ጀምረዋል። አንዷ "ባሌ ከሞተ ወዲህ ደህና እደሪ ያለኝ ሰው የለም፤ አስለቀሳችሁኝ" ብላ ጽፋለች። ከሥሯ ኩባንያው መልሷል፦ "አይዞሽ ድንቢጤ፣ እኛ አለንልሽ። ለዛሬ ብቻ ዋጋ ቀንሰንልሻል..." ነገሩን በነጠብጣብ መጨረስ የባሏ አመል ነው። ለማታውቃት ሴትዮም ለራሷም አለቀሰች።

ማታ ቤት ስትገባ ነገረችው። ፊቱ በራ።

"አየሽው እንዴ? እኔ ልነግርሽ ነበር እኮ! እንዲህ የተወደደልን ማስታወቂያ የለም። አለቃዬ ልብ የሚነካ ነገር አምጣ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ብጽፍ ብሰርዝ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አንቺ ትዝ አልሽኝ።"

"ትዝ ብዬህ ለሕዝብ በተንከኝ?"

"ስምሽን እኮ አልጠቀስኩም።"

"ስሜን ብትጠቅስ ይሻለኝ ነበር። ስሜ የብዙ ሰው ስም ነው።"

ያኔ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። በማግስቱ አስጠፋዋለሁ ብሎ ምሎ ሄደ። አለቃው ሳቀበት። "ገበያ የያዘ ቃል ይጠፋል እንዴ? ይልቅ ተከታዩን ጻፍ!" ባሏ ሥራው እንዳይቀርበት ፈራ፤ ጻፈም። "ይኼኛውን እንኳ ከራሴ ነው ያወጣሁት" አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

እናቷ የሞቱበት ቀን ዞሮ ሲመጣ ዕቃ እያጠበች እንባዋ መጣ። ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዛት። "ድን..." አለና ዋጠው። ሌላ ቃል ፈለገ። "አይዞሽ፣ እኔ..." ዞራ አየችው። ይኼስ ነገ ለማን ይላክ ይሆን ብላ አሰበች። ሳትናገረው ዓይኗ ላይ አነበበው። እጁን ከትከሻዋ አነሳ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ቁልፉ የት ነው፣ መብራቱን አጥፊው ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም።

ዝምታው ሲከብዳት ልብሷን ሸክፋ ታላቅ እህቷ ጋ ገባች። እህቷ ቀልደኛ ናት። "ሴት ወሰደችብኝ ብትይኝ አብሬሽ እሳደብ ነበር። ባሌን ብርድ ልብስ ወሰደብኝ ለምትል ምን ይባላል?" አለቻት። እንዳልሳቀች ስታይ ግን ጎትታ አቀፈቻት። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እህቴ" አለች ቀስ ብላ።

ወራት አልፈው ባሏ መነጽር ቤቱ መጣ። ከስቷል። በመጨረሻ ሥራውን ለቋል፤ መልእክቱ ግን አሁንም ይላካል፣ ቃሉ የኩባንያው ነው ተብሏል። ደንበኞች ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ባንኮኒው ፊት ቆመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያ ሁሉ ቃል የሚዘንብለት ሰው የሚለው ጠፋው።

"ምሳ በላሽ?" አላት።

ለእሷ ብቻ የተባለ ነገር ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

"በልቻለሁ" አለች፣ ሳትበላ።

"እሺ" አለና ወጣ። ልቧ እስከ በሩ ሸኘው፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ተረኛው ደንበኛ ከወንበሩ ተነሳ። ጀርባዋን ሰጥታ፣ የምትፈልገው ዕቃ እንዳለ ሰው፣ መሳቢያውን ትከፍትና ትዘጋ ጀመር።