የአምናው ቅበላ

«ቀኑን ጻፊበትና ፈርሚ» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ድንቅቱ እየገፉ። «ተላላኪው ደግፌ በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ አምቦ ይወርዳል። ደብዳቤው ዛሬ አውራጃ ካልገባ ተተኪ አስተማሪ መቼ እንደምናገኝ እግዜር ይወቀው።»

ድንቅቱ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ባዶዋ ቦታ ላይ አሳረፈችና መልሳ አነሳችው። ማመልከቻውን የጻፈችው በራሷ እጅ ነው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ጽሕፈት ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ቁጭ ብሏል። «የወሊድ ፈቃዴ ከ........ ቀን 1976 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲታሰብልኝ» ይላል። የጎደለው ቀኑና ፊርማው ብቻ ነው።

«ከሃያ ጀምሮ ብለውስ?» አለች።

«ካርድሽ ኅዳር ሃያ ሁለት ትወልዳለች ይላል። ሁለት ቀን እስኪቀርሽ ጠመኔ ይዘሽ ልትቆሚ ነው? ዛሬ አሥራ ሦስት ነው፤ ከነገ ጀምሮ በይና ጻፊ። ጓድ ድንቅቱ፣ እኔ ኢንስፔክተር ሲመጣብኝ እንኳ እንዲህ አይጨንቀኝም!»

አቶ ሀብተሥላሴ «ጓድ» የሚሏት ሲቆጡ ነው። ደስ ሲላቸው «ድንቅዬ» ናት። በጌዶ ከተማ ከእሳቸው የበለጠ ለአስተማሪዎቹ የሚሳሳ ርዕሰ መምህር የለም፤ ችግሩ ስስታቸው ሁልጊዜ በቁጣ በኩል መውጣቱ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየሰዓቱ በክፍሏ መስኮት እያለፉ፣ ሊወድቅ የደረሰ አጥር እንደሚያይ ሰው ሆዷን ሲያዩ ከርመዋል።

«እስከ ምሳ ሰዓት ይታገሡኝ» አለች።

«እስከ ምሳ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔው ራሴ ነኝ የምጽፈው።»

ፈቃዱ አርባ አምስት ቀን ነው። የሚቆጠረውም ልጁ ከተወለደበት ሳይሆን ማመልከቻው ላይ ከሰፈረው ቀን ነው። እቤት ቁጭ ብሎ ምጥ ሲጠበቅ የሚያልፈው ቀን ሁሉ ከልጁ ላይ ይቀነሳል። ይህን ድንቅቱ የተማረችው በመጀመሪያ ልጇ በባየሽ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ «ሆድሽን አታዪም ወይ?» እያለ አጣድፎ አስወጣት። ባየሽ ግን አልቸኮለችም። ሃያ አምስት ቀን ቆይታ ስትመጣ ለእናቷ የተረፋት ሃያ ቀን ብቻ ነበር። ድንቅቱ የሃያ ቀን ልጅ እቤት ትታ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ጠዋት፣ «መ»ን ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳለ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና በኦሮምኛ፣ «ባርሲስቱ፣ አስተማሪዬ፣ ቀሚስሽ እያለቀሰ ነው» አለቻት። ጎንበስ ብላ ብታይ ወተቱ ደረቷን አርሶታል። ባየሽ ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፤ ድንቅቱ ግን ያን ጠዋት ባሰበች ቁጥር ዛሬም ደረቷን ይወጋታል። በዚህኛው ልጅ ላይ አንዲት ቀን አላስነካም ብላ ለራሷ ምላለች።

ለምሳ ስትደርስ ባሏ ኤጄታ ደጃፉ ላይ ቦት ጫማውን እያወለቀ ነበር። የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ሰኞና ረቡዕ ከገጠር ሲመለስ የከብት መድኃኒት ሽታው ከእሱ ቀድሞ ግቢ ይገባል።

«ፈረምሽ?» አላት።

«አልፈረምኩም።»

«ያ ድንቅቱ!» አለ በኦሮምኛ እየጠራት። «ዘጠኝ ቀን እኮ ነው የቀረሽ!»

«አንተ ላሞችህን ጠብቅ።»

«ላሞቼማ ቀናቸውን ያውቃሉ። እኔ ቆጥሬ ቀኗን የሳተች ላም እስካሁን አላየሁም» አለ እየሳቀ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እየተቀበለ። «ድንቅቱ፣ ስሚኝ። አምና ጊደር ያዋለድኩት ከመንገድ ዳር ነው፣ አልፈራሁም። አንቺ ክፍል ውስጥ ምጥ ቢይዝሽ ግን እኔ በአፍጢሜ ነው የምደፋው።»

ከውስጥ የአከራያቸው የእትዬ ዓለሚቱ ድምፅ መጣ። እትዬ ዓለሚቱ ባየሽን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ምሳ እያበሏት ነበር። እሳቸው ረቡዕ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ወሬ ግን ጾመው አያውቁም።

«ተዋት እስቲ ኦቦ ኤጄታ! ነይ፣ በብርሃን በኩል ቁሚልኝ።» ድንቅቱ ቆመች። እትዬ ዓለሚቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሆዷን አዩት። ስድስት ወልደዋል፤ የጎረቤቱንማ ማን ቆጥሮት። «ይኼ የዘጠኝ ቀን ሆድ አይደለም። ገና መች ወረደና! ለመሆኑ ኅዳር ሃያ ሁለትን ከየት አመጣችሁት?»

«ከሳይንስ ነዋ» አለ ኤጄታ ኮራ ብሎ። «ጥቅምት ላይ የጤና ጣቢያው ድሬሰር የወር አበባ በመጨረሻ ያየሽው መቼ ነው ሲላት ቀኑ ጠፋባት። የምታስታውሰው ቅበላ ዕለት መሆኑን ነው፤ እርስዎ ጠርተውን ያን ሁሉ ሥጋ የበላን ቀን። ታዲያ ለእኔ ይኼ ምን ይቸግረኛል? እቤት መጥቼ ካላንደር አየሁ። ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት አሥራ ዘጠኝ ነው። ዋዜማው አሥራ ስምንት። ድሬሰሩ ከዚያ ተነሥቶ ቆጠረ።»

እትዬ ዓለሚቱ ባየሽን መሬት አወረዱና ወደ ግድግዳው ሄዱ። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያስተማረቻቸውም ድንቅቱ ናት። ጣታቸውን ካላንደሩ አናት ላይ አድርገው እንደለመዱት ጮክ ብለው አነበቡ።

«አንድ ሺህ... ዘጠኝ መቶ... ሰባ ስድስት። ይኼ የዘንድሮ ነው።»

«አዎ፣ የዘንድሮ ነው» አለ ኤጄታ።

«ሥጋውን የበላችሁት ግን አምና ነው።»

ኤጄታ ወደ ካላንደሩ ጠጋ አለ። ባየሽ ጣቷን ትልሳለች።

«ታዲያ... ቅበላ በየዓመቱ ያው አይደለችም እንዴ?» አለ ኤጄታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እናንተ ጴንጤዎች! ቅበላውን ትበላላችሁ፣ ጾሙ ሲገባ አታውቁም!» እትዬ ዓለሚቱ ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ። «ጾሙ ይወጣል፣ ይወርዳል እንጂ እንደ ገና በዓል አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል? አምና የገባው በመጋቢት ነው። በመጋቢት አቦ ዕለት፣ ሰኞ ቀን! እንዴት ይረሳኛል? የአቦ ዝክሬን በሽሮ ያወጣሁበት ዓመት! ዶሮዎቹን አስብቼ አስብቼ፣ ጾሙ መጥቶ ዝክሬ ላይ ቁጭ አለ።»

ድንቅቱ ፋሲካ ከዓመት ዓመት እንደሚለዋወጥ ታውቅ ነበር። ተማሪ ቤት ሳለች ዕረፍቱ አንዳንዴ ቀደም፣ አንዳንዴ ዘግየት ይል የለም? ግን ያደገችው መካነ ኢየሱስ በሚሄድ ቤት ነውና የጾሙን መግቢያ የሚቆጥርላት ሰው አልነበረም፤ ባሏም እንዲሁ። የላም ቀን የማይስተው ኤጄታ የአምናውን ቅበላ በዘንድሮው ካላንደር ሲቆጥር፣ አጠገቡ ቆማ «እሺ» ብላዋለች።

ኤጄታ እርሳስ አውጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና በባየሽ ደብተር ጀርባ እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረ። ጆሮው ቀልቷል።

«ጳጉሜ አምና ስድስት ነበረች፤ እንዳትዘላት» አሉት እትዬ ዓለሚቱ ከላይ ሆነው።

«ስድስተኛዋንም ቆጥሬያለሁ፣ እትዬ።» ቀና አለ። «ታኅሣሥ ስምንት።»

ድንቅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ስድስት ቀን! ጠዋት ፈርማ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሲወለድ የሚቀራት ስንት እንደነበር በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ቀን። እንደ ባየሽ፣ ልክ እንደ ባየሽ። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። ኤጄታ ሊያባብላት ቢጠጋ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው፣ ወዲያው ደግሞ እጅጌውን ይዛ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ላም ብሆን ኖሮ አትስተኝም ነበር» አለችው።

«ላም ቅበላ አትበላም» አለ ኤጄታ።

እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥላቸውን አንሥተዋል። «ተነሺ። ደግፌ አውቶቡስ ሳይሳፈር እንድረስ። ለዚህ ነገር ምስክር ያስፈልግሻል።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሁለቱን ሴቶች በሩ ላይ ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ያዛት እንዴ?»

«ምንም አልያዛትም። ይቀመጡ» አሉ እትዬ ዓለሚቱ። «አቶ ሀብተሥላሴ፣ የአምናውን የመጋቢት አቦ ዝክሬን ያስታውሳሉ?»

የርዕሰ መምህሩ ፊት ተለወጠ። እሳቸውም የአቦ ማኅበርተኛ ናቸው። «ያ ሽሮ!» አሉ ከልባቸው። «ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ዶሮውን እያሰብኩ ነበር እኮ ዓመቱን ሙሉ የቆየሁት። ሰኞ ቀን፣ ጾሙ በገባበት... ምን ብዬ እረሳዋለሁ! ምነው፣ አሁን ምን አነሣው?»

ድንቅቱ ነገሩን አስረዳቻቸው። የመጨረሻውን ቀን ስትናገር አፍራ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ አቶ ሀብተሥላሴም አፍረው ወደ ማኅተሙ ዞሩ። ሲገባቸው ግን ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ፤ ደብዳቤውን ሊወስድ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደግፌ እንኳ ሳያውቀው አብሮ ሳቀ።

«እንግዲያው ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ እንበል» አሉ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። «ሳምንት መጠባበቂያ።»

«አይሆንም» አለች ድንቅቱ።

«ለምን አይሆንም?»

«ባየሽም ቀኗ ተቆጥሮላት ነበር። እሷ ግን ካላንደር አላየችም።» ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሣች። «አቶ ሀብተሥላሴ፣ እኔ ልፈርም፣ እርስዎም ይፈርሙ፣ ማኅተሙም ይረፍበት። ቀኑ ግን ባዶ ይሁን። ምጥ የያዘኝ ዕለት ይጻፍ። ያን ዕለት ደግፌ አምቦ ይወርዳል።»

አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ስኖር ቀን የሌለው ወረቀት ላይ ማኅተም መትቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ጓድ ድንቅቱ፣ ይኼ ደንብ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አይደለም» አለች። «አርባ አምስቱን ቀን በሙሉ ከልጁ ጋር መሆን ፈልጌ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ ወደ አንደኛ ክፍል ተመለከቱ። ከአራት ዓመት በፊት በዚያ ጠዋት በዚሁ መስኮት ሆነው፣ ድንቅቱ በደብተር ደረቷን ሸፍና ከክፍል ስትወጣ አይተዋታል። ያኔ ደንቡ ነው ብለው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አላነሡትም። አሁን ድንቅቱ ፈርማ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን ከእጇ ተቀብለው ፈረሙና መለሱላት፤ ማኅተሙን አፋቸው ዘንድ አስጠግተው «ሃህ» ብለው አሞቁና መቱት።

«ወንበሬን ወደ ክፍልሽ ውሰጂ» አሉ። «ቁጭ ብለሽ ነው የምታስተምሪው። ደግፌ! ወንበሩን ተሸከም። ዛሬ አምቦ መሄድህ ቀርቷል።»

ደወሉ ሲደወል ድንቅቱና እትዬ ዓለሚቱ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ድንቅቱ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ለእትዬ ዓለሚቱ ሰጠቻቸው።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። የዚያን ዕለት ቀኑን እርስዎ ይጽፉበታል።»

«እኔ?» እትዬ ዓለሚቱ ወረቀቱን እንዳይቆሽሽ በጣታቸው ጫፍ ያዙት። «የመንግሥት ወረቀት ላይ? ስምንቴን አይተሽው የለ፤ ሁለት ዳቦ አነባብሬ ነው የምጽፈው!»

«ስምንት ላይሆንም ይችላል እኮ።»

«ኤጄታ አለ፣ እሱ ይጻፈው እንጂ።»

«ኤጄታ ቆጥሮ አይተነዋል» አለች ድንቅቱ። «ልጁ የመጣበትን ቀን የሚጽፈው ቀን የሚያውቅ ሰው ነው።»

እትዬ ዓለሚቱ ወረቀቱን ነጠላቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ሸጎጡት። «በእርሳስ አልጽፍም» አሉ። «ይጠፋል።»

ድንቅቱ ያለቻትን አንድ እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «ለእኔ ጠመኔ ይበቃኛል» ብላ፣ ደግፌ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ገባበት ክፍል ሄደች።