ከሽማግሌ የመጣ የሸራ መጠቅለያ

ሐምራዊትን የሚቀፋት ቆሻሻ አይደለም። ቆሻሻማ እንጀራዋ ነው፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለ ሆስፒታል ምድር ቤት የቀዶ ጥገና መሣሪያ ስታጥብ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የሚቀፋት ከላይ እያብረቀረቀ ውስጡ የማይታይ ነገር ነው። መቀስ እንኳ ቢሆን ተፈትቶ ካልታጠበ አታምነውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሎረንስቪል ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የገባው ዕቃ ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ነበር። በነፋስ የምትሄደውን ጀልባቸውን የፊት ሸራ በገመድ እየተሳበ የሚጠቀልል፣ ድስት የሚያህል ድራም። በሰም ታሽቶ ፊት ያሳያል። ያመጡት አቶ አለማየሁ ናቸው፤ ብራያርክሊፍ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ያኔ ለባሏ ለኤርሚያስ ሽማግሌ ሆነው አባቷን የለመኑ ሰው።

«አንድ ደንበኛዬ ጋ አግኝቼ፣ ለእናንተ ይሁን ብዬ በገዛ እጄ ሰርቪስ አደረግኩት» አሉ።

ኤርሚያስ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። በሁለት እጁ፣ በዘጠኝ ጣቱ። አሥረኛዋ የሄደችው ባለፈው ጥቅምት ላኒየር ሐይቅ ላይ ነው። ነፋስ ድንገት ሲነሳ አሮጌው መጠቅለያ ነክሶ ቀረ፤ ሸራው አልጠቀለል ብሎ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። እሱ ወደ ፊት ሮጦ ገመዱን በእጁ ሲጎትት ጣቱን ይዞት ሄደ። ደሙን ከጀልባዋ ወለል ያጠበችው ማን ሆነና! እሷው ናት።

ግንቦት ላይ ከሳቫና ተነስተው ባሕር ሊወጡ ነው። ባሕር መሀል ሸራው እምቢ ቢል አምቡላንስ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ሦስት ወር አንብባ፣ ያየም የሠራበትም ሰው ጠይቃ አንድ አዲስ መጠቅለያ መርጣ አዘዘች። አያምርም። ግን በአራት ብሎን ይፈታል፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ችግር ካለበት በዓይን ይታያል።

«ያዘዝኩትስ?» አለች በባሏ ጆሮ።

«ካንስል አደረግኩት። ምን ልበላቸው? ሽማግሌያችን እኮ ናቸው!»

ካቻቢቴ አነሳች።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልክፈተው።»

«ሐምሪ፣ ነውር ነው!» አለ ኤርሚያስ።

«እኔን ሳታምኚኝ ነው ልጄ?» አሉ አቶ አለማየሁ።

ይሉኝታ! ስንቱን ገድሎ ስንቱን ያስቀብረን ይሆን ይሄ ይሉኝታ? ብሎኖቹን ፈታች። ክዳኑ ሲነሳ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የከረመ የመጥበሻ ዘይት። ኩሽኔታው ውስጥ ቡናማ ሙጫ ጋግሯል፣ ሙጫው ላይ ፀጉርና ግማሽ በረሮ። ከሥሩ ኳሶቹ ዝገው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ልታዞረው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ኤርሚያስ ሲቀበል አንዴ እንኳ አዙሮ አላየውም ነበር።

«ግራሶ ሳጣ ከሱቅ ዘይት ጨመርኩበት። ዘይት ዘይት ነው» አሉ አቶ አለማየሁ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ይደነግጣል ብላ ባሏን አየችው። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ችግር የለም ጋሼ፣ እናጥበዋለን። እግዜር ይስጥልን» አለ።

ያኔ በረሮውም ዘይቱም ቀለሉላት። አሁን የቀፈፋት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ግንቦት ላይ አብረውን ይመጣሉ?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ? ውሃ ላይ?» አቶ አለማየሁ ከት ብለው ሳቁ። «ምን በወጣኝ!»

ኤርሚያስም አብሯቸው ሳቀ። እየሳቀ ክዳኑን መልሶ መግጠም ጀመረ፤ ጣት በሌለበት በኩል ብሎኑ እየሾለከ ያስቸግረዋል። ሐምራዊት እጇን በሳሙና ሁለቴ ታጠበች፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት፣ ውሃ ላይ ከሚያንሳፍፉት ሁለት ላይፍ ጃኬቶች የራሷን አወረደች።

«ወዴት ልትወስጂው ነው?» አላት።

«ላንተ አንዱ ይበቃሃል። እኔስ ውሃ ላይ ምን በወጣኝ?»

ጃኬቱን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከታ ወደ ቤት ገባች።