«ይቅር» ያሉት ምኑን ነው?

«የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው፤ ውሳኔው የራሳቸው ነው» አሉ ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠ ባልደረባቸው፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገ እኔ ፈርሜ አወጣዋለሁ። የመጨረሻ ቃላቸው መሬት አይወድቅም።»

ጸሐፊዋ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ምክትሉ እጅ ላይ ያለውን ደብዳቤ አየችው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከተቀበሩ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። ደብዳቤው የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ይዘጋል፣ አሥራ አንዱ መምህራን ይሰናበታሉ ይላል። ደብዳቤው ስህተት ነው፤ ስህተቱም የእሷ።

ጋሼ የምትላቸው ፕሬዚዳንቱ ረጅም ነገር መጻፍ አይሆንላቸውም ነበር። የቀረበላቸው ወረቀት ጥግ ላይ አንድ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ እሷ ቃሉን ደብዳቤ ታደርገዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ዘንድሮ በጀቱ በግማሽ ሲቆረጥ፣ ተማሪው ሲያምፅ፣ መምህሩ ሲያኮርፍ፣ እሳቸው የባለሥልጣን ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። ከመክሳታቸው የተነሳ ኮታቸው የተውሶ መሰለ። በዚህ መሀል ነው ትምህርት ክፍሉ ይዘጋ የሚል ሐሳብ የቀረበላቸው። ጥጉ ላይ «ይቅር» ብለው ጻፉበት።

ምኑ ነው የሚቀረው? ትምህርት ክፍሉ ወይስ መዝጋቱ? እሷም ደክሟት ነበር፤ ሳትጠይቅ ትምህርት ክፍሉን ዘጋችው። ጋሼ ደብዳቤውን አንብበው ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ካየቻቸው ወር አልፎ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ መዝጋቱ ይቅር አልኩ እንጂ። በይ ነገ ታስተካክይዋለሽ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ትተው ወጡ። ጧት ከአልጋቸው አልተነሱም።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አሥራ አንድ ሰው ግን በእሷ ጥፋት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «ጋሼ መዝጋቱ ይቅር ነው ያሉት።»

«ማን ሰማ?» ምክትሉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ጣጣው ሁሉ አሁን እሳቸው ጫንቃ ላይ ነው። «ሰው ሲሞት እኮ ሁሉም የየራሱን ኑዛዜ ያወራለታል፣ እህቴ።»

ከጀርባቸው የሟቹ ባለቤት አጠገባቸው ለተቀመጠች ጎረቤት የመጨረሻውን ምሽት ይነግሯታል።

«እየሳቀ ገባልኝ እኮ። ‹ዛሬ ጸሐፊዬ በአንድ ቃል አንድ ትምህርት ክፍል ልትዘጋብኝ ነበር› ይለኛል። እራት እስኪቀርብ ሳቀ። እኔ ሞኟ፣ ተሻለው ብዬ…»

ምክትሉ ዞረው ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ዘረጉላት።

«በይ ሌላ ጻፊ። በእኔ ስም ይውጣ፤ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ።»

«በእኔ ስም» ሲሉ በቀብሩ ዕለት እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። በየደብዳቤው ግርጌ ስትጽፈው የኖረችውን የጋሼን ስም ከእንግዲህ አትጽፈውም። ወረቀቱን ልትቀደው ጀምራ ተወችው። ከስማቸው በላይ አጠፈችው፤ እጥፋቱን በጥፍሯ ደጋግማ አሸችና ቀስ ብላ ቀደደችው። ስማቸው ያለበትን ቁራጭ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረች፤ ሌላውን ጨመደደችው።